የአጋዘን አፍንጫና የሰው ጠረን፦ ከደቡብ ምሥራቅ ሚኒሶታ ሸለቆዎች

ከሴንት ፖል ተነስታችሁ በሀይዌይ 52 ወደ ደቡብ ስትነዱ መጀመሪያ የምታዩት ሜዳ ነው። በቆሎ፣ አኩሪ አተር፣ እንደገና በቆሎ። ሮቸስተርን አልፋችሁ ጥቂት ከሄዳችሁ በኋላ ግን መሬቱ መልኩን ይቀይራል። ሜዳው ተሰንጥቆ ሸለቆ ይሆናል። በሸለቆው ግራና ቀኝ በኦክ ዛፍ የተሸፈኑ ኮረብታዎች ይቆማሉ። አንዳንዶቹ አናታቸው ላይ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ገደል አላቸው። ሩት ሪቨር የሚባለው ወንዝ በመካከላቸው እየተጠማዘዘ ወደ ትልቁ ሚሲሲፒ ይወርዳል። ሌንስቦሮ የምትባለው ትንሽ ከተማ የተቀመጠችው በዚህ ወንዝ ዳር ነው። መንገዱ ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ይፈጃል፤ ስትደርሱ ግን ሌላ አገር የገባችሁ ይመስላችኋል።

አካባቢው እንዲህ የሆነበት ምክንያት አለ። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ግዙፍ የበረዶ ግግር ከሰሜን እየተንሸራተተ አብዛኛውን ሚኒሶታ ደፍጥጦ ሜዳ አደረገው። ይህን ጥግ ግን ሳይነካው አለፈ። ስለዚህ ኮረብታውና ሸለቆው እንዳለ ቀረ። የጂኦሎጂ ሰዎች ቦታውን «ድሪፍትለስ ኤሪያ» ይሉታል። ሚኒሶታ፣ ዊስኮንሰን፣ አይዋና ኢሊኖይ ሁሉም ከዚህ መሬት ድርሻ አላቸው።

በኖቬምበር መጀመሪያ፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር በጥቅምት መጨረሻ፣ ወደዚህ ከመጣችሁ ሌላም ነገር ታያላችሁ። ነዳጅ ማደያው፣ ቁርስ ቤቱና የገጠሩ መንገድ ሁሉ ደማቅ ብርቱካናማ ልብስ በለበሱ ሰዎች ይሞላል። የአጋዘን አደን ወቅት ነው። በሚኒሶታ የጠመንጃ አደን የሚከፈተው ለኖቬምበር 6 በሚቀርበው ቅዳሜ ነው። በመላው ክፍለ ግዛቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በዚያ ቀን ጎህ ሳይቀድ ይነሳሉ። አያት ከልጅ ልጅ ጋር፣ እናት ከሴት ልጇ ጋር ጫካ ይገባሉ።

ወደዚህ ሸለቆ የመጣሁት የእህቴ ልጅ ባቀረበልኝ ጥያቄ ምክንያት ነው። ጥያቄው አጭር ነበር፦ «አክስቴ፣ የሰውን ጠረን የሚያጠፉት የአደን ዕቃዎች እውነት ይሠራሉ?»

ከመመለሳችን በፊት ስለ ቃላት ጥቂት እንነጋገር።

በኢትዮጵያ «አጋዘን» የምንለው እንስሳ እዚህ አሜሪካ «ዲር» ከሚሉት ጋር አንድ አይደለም። በባሌ ተራሮች የሚኖረው የደጋ አጋዘን ቀንድ አለው፤ ቀንዱ ዕድሜውን ሙሉ አይወልቅም። የአሜሪካው አጋዘን ራስ ላይ ያለው ግን በየዓመቱ በክረምት ይወድቅና በፀደይ እንደገና ይበቅላል። ያውም የሚያበቅለው ወንዱ ነው። ቢሆንም በውጭ አገር የምንኖር አበሾች ሁለቱንም «አጋዘን» ማለት ለምደናል፤ እኔም እንደዚያው እጽፋለሁ።

ሁለተኛው ነገር ስለ ማሽተት ነው። አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ሀብታም ቋንቋ ነው። «ሽታ» ማንኛውም አፍንጫችን የሚደርስ ነገር ነው፤ ጥሩም መጥፎም ሊሆን ይችላል። «መዓዛ» የምንለው ደስ የሚል ሲሆን ነው፤ የቡና መዓዛ፣ የዕጣን መዓዛ እንላለን። «ግማት» ደግሞ የሚያስጠላው ነው። «ጠረን» ግን ከሁሉም ይለያል። ጠረን ከአንድ ሰው ወይም ከአንድ እንስሳ ገላ የሚወጣው የራሱ ሽታ ነው። ሕፃን እናቱን በጠረኗ ያውቃታል። አጋዘንም ሰውን የሚያውቀው በጠረኑ ነው።

የእህቴ ልጅ ዕድሜው 16 ነው፤ የተወለደው ሴንት ፖል ነው። አደን ያስተማሩት ጎረቤታችን ናቸው። ከሰባ ዓመት ያለፋቸው ጡረተኛ አናጢ ሲሆኑ ያደጉት በዚሁ በሌንስቦሮ አቅራቢያ ነው። የወንድማቸው እርሻ አሁንም እዚሁ አለ። ልጁ በሕጉ መሠረት የጠመንጃ ደኅንነት ትምህርቱን ጨርሶ የምስክር ወረቀት አግኝቷል። በበጋው ሣር እያጨደ ያጠራቀመው 700 ዶላር አለው። በስልኩ ላይ ደግሞ የሚገዛቸውን ዕቃዎች ዝርዝር ይዟል፦ ከሰል ያለበት ልብስ፣ ኦዞን የሚያወጣ ማሽን፣ የሚረጭ ፈሳሽ፣ የአጋዘን ሽንት በጠርሙስ። ሁሉንም ደምሮት 700 ዶላሩ አይበቃም።

ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ግን በገንዘብ የማይገዛ ነገር ነበር። እናቱ በኖቬምበር የመጀመሪያ ሳምንት ቤት ውስጥ ቁሌት እንዳትሠራ ጠይቋታል። ሽንኩርትም፣ በርበሬም፣ ቡና መቁላትም እንዳይኖር ማለቱ ነው። እህቴ «እሺ» አለችው፤ ግን ከፍቷታል። ምክንያቱ ደግሞ አጋዘኑ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃለች። ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት አንድ ልጅ ጃኬቱን አሽትቶ «ይሄ የምን ሽታ ነው?» ብሎት ነበር። ከዚያ ወዲህ ጃኬቱን የሚሰቅለው ጋራዥ ውስጥ ነው። ቡና ሲፈላም ሳሎን አይቀመጥም።

ስለዚህ ጥያቄው የ700 ዶላር ብቻ አልነበረም። እኔም መልሱን በደንብ ማወቅ ፈለግሁ።

በአፍንጫው እንጀምር። ነጭ ጅራት የሚባለው የዚህ አገር አጋዘን ከሰው እጅግ የበለጠ የማሽተት ኃይል አለው። ፊቱ ረዘም ያለ ስለሆነ በአፍንጫው ውስጥ ሽታ የሚቀበለው ቆዳ ሰፊ ነው። የአፍንጫው ጫፍ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ እርጥበቱ በአየር ላይ ያለውን ሽታ ይይዝለታል። በላንቃው ላይ ደግሞ ሌላ የማሽተቻ አካል አለው። ወንዱ ከንፈሩን ወደ ላይ ገልብጦ የሴቷን ሽንት ሲያሸት የምታዩት በዚህ አካል ለመመርመር ነው። በእግሮቹ ላይና በዓይኑ አጠገብ ሽታ የሚያመነጩ ዕጢዎች አሉት። አጋዘን ለአጋዘን መልእክት የሚተወው በሽታ ነው። በአጭሩ፣ እኛ ዓለምን በዓይናችን እንደምናነበው እሱ በአፍንጫው ያነበዋል።

ዓይኑ ግን እንደ አፍንጫው አይደለም። ቀይንና አረንጓዴን አይለይም። አዳኞች በደማቅ ብርቱካናማ ልብስ ጫካ ገብተው ሳይታዩ የሚቀመጡት ለዚህ ነው። ብርቱካናማው ለሰው ዓይን ይጮኻል፤ ለአጋዘኑ ግን ደብዛዛ ነው።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ እንሂድ።

የመጀመሪያው ከሰል ያለበት ልብስ ነው። ከሰሉ አክቲቬትድ ካርቦን ይባላል። ቡና ከምናፈላበት ከሰል ጋር ዘመድ ነው፤ ግን ዓይን የማያያቸው እልፍ ቀዳዳዎች እንዲኖሩት ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። የአንድ ግራሙ ቀዳዳዎች ቢዘረጉ ከአንድ የቅርጫት ኳስ ሜዳ በላይ ይሰፋሉ። የሽታ ቅንጣቶች በእነዚህ ቀዳዳዎች ላይ ይጣበቃሉ። የውኃ ማጣሪያ ውስጥና የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭምብል ውስጥ ያለውም ይኸው ነው። ስለዚህ ሐሳቡ ውሸት አይደለም።

ችግሩ ሌላ ነው። ቀዳዳዎቹ ይሞላሉ። የሞላ ከሰል ተጨማሪ ሽታ አይዝም። ፋብሪካዎች ያገለገለ ካርቦን ሲያድሱ እስከ 800 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ያሞቁታል። የቤታችን ልብስ ማድረቂያ ማሽን ወደዚህ ሙቀት የትም አይደርስም፤ ቢደርስ ልብሱም ቤቱም ይቃጠል ነበር። ደግሞም ልብሱ ፊታችንንና ትንፋሻችንን አይሸፍንም። ዛፍ ላይ አምስት ሰዓት የተቀመጠ ሰው አምስት ሰዓት ሙሉ ይተነፍሳል።

ይህ ጉዳይ እዚሁ ሚኒሶታ ፍርድ ቤት ደርሷል። በ2007 አዳኞች ልብሱን የሚሠራውን ኩባንያና ሻጮችን ከሰሱ። «ጠረን ያጠፋል ብላችሁ ሸጣችሁልን፤ አያጠፋም» የሚል ክስ ነበር። በ2010 የፌዴራል ዳኛው ሙሉ በሙሉ ያጠፋል የሚለው ማስታወቂያ ሐሰት ነው ብለው ወሰኑ። በ2011 የይግባኝ ፍርድ ቤት ያንን ውሳኔ ሻረው። ከክርክሩ አንዱ የቃል ትርጉም ነበር። «ማጥፋት» ማለት ምንም እንዳይቀር ማድረግ ነው ወይስ መቀነስ? ሕጉ ለሻጮቹ ቢፈርድም ለገዢው ትምህርት አለው። የሚሸጥላችሁ መቀነስ እንጂ መሰወር አይደለም።

በ2002 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ ይህን ልብስ በውሾች ፈትኖታል። ሰው ለመፈለግ የሠለጠኑ ውሾች ነበሩ። ልብሱን የለበሱና ያልለበሱ ሰዎች ተደበቁ። ውሾቹ ለባሹንም ያልለበሰውንም ፈልገው አገኙ። ውሻ አጋዘን አይደለም፤ ሆኖም አፍንጫው ጠንካራ ለሆነ እንስሳ ልብሱ መጋረጃ እንዳልሆነ ያሳያል።

ሁለተኛው የኦዞን ማሽን ነው። ከዝርዝሩ ሁሉ ውዱ እሱ ነው፤ ብዙ መቶ ዶላር ያወጣል። የምንተነፍሰው ኦክስጅን ሁለት አቶሞች አሉት፤ ኦዞን ግን ሦስት። ሦስተኛው በቀላሉ ይለይና ከሌላ ነገር ጋር ይጋጫል። የሽታ ቅንጣት ሲያገኝ ይለውጠዋል። መብረቅ ካለፈ በኋላ የሚሸተን ያ ስለታም ሽታ ኦዞን ነው። ማሽኑን ከራሳችሁ በላይ ዛፍ ላይ ታስሩታላችሁ፤ ጠረናችሁን ተከትሎ ወደ ነፋሱ መሄጃ ይነፋል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አስቡ። አንደኛ፣ ጫካ ክፍል አይደለም። ነፋሱ ሲዞር ኦዞኑ በአንድ በኩል፣ ጠረናችሁ በሌላ በኩል ይሄዳሉ። ሁለተኛ፣ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ስለ ቤት ውስጥ የኦዞን ማሽኖች ለዓመታት ሲያስጠነቅቅ ኖሯል። ኦዞን ሳንባን ይጎዳል፤ ያስላል፣ ደረት ያሳምማል፣ አስም ያባብሳል። ለጤና በማያሰጋ መጠን ሲለቀቅ ደግሞ አየርን የማጽዳት አቅሙ አነስተኛ ነው ይላል። ልብስን በዕቃ ውስጥ ዘግቶ በኦዞን ማከም ሽታውን ሊቀንሰው ይችላል፤ ግን ጎማና ላስቲክ ቶሎ ያበላሻል። የእህቴ ልጅ በልጅነቱ አስም ነበረበት። እናቱ ይህን ስትሰማ ማሽኑ ከዝርዝሩ ወጣ።

ሦስተኛው የሚረጨው ፈሳሽና ሽታ የሌለው ሳሙና ነው። የገላችን ጠረን በአብዛኛው የሚመጣው ቆዳችን ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች ላብን ሲያፈራርሱ ነው። መታጠብ ባክቴሪያውንም ላቡንም ይቀንሳል። ሳሙናው ሽቶ ከሌለው በአዲስ ሽታ አይተካውም። ይህ ይሠራል፤ ዋጋውም ትንሽ ነው። ግን ከመኪናው ወጥታችሁ ወፍራም ልብስ ለብሳችሁ ዳገት ከወጣችሁ፣ ከላይ ስትደርሱ እንደገና ልባችሁ ይመታል፣ ላባችሁም ይፈስሳል። አጋዘኑ የሚያሸተው ጠዋት ቤት ውስጥ የታጠበውን ሰው ሳይሆን አሁን ዛፉ ላይ ያለውን ነው።

አራተኛው ሌላ ሽታ መቀባት ነው፤ የጥድ፣ የአፈር፣ የፖም። ሐሳቡ ጠረንን በሌላ ሽታ መሸፈን ነው። ነገር ግን ጠንካራ አፍንጫ ሽታዎችን አይቀላቅልም። እኛ ወደ ቤት ስንገባ «ዶሮ ወጥ ተሠርቷል» እንላለን። እንዲህ ያለ አፍንጫ ያለው እንስሳ ሽንኩርቱን ለብቻ፣ በርበሬውን ለብቻ፣ ቅቤውን ለብቻ ያሸታል፤ ወጥ ሠሪዋንም ጭምር። ጥድ የተቀባ ሰው ለእሱ ጥድና ሰው ነው።

የአጋዘን ሽንትን በተመለከተ ግን ጠንከር ያለ ምክር አለኝ። አጋዘኖችን የሚገድል ክሮኒክ ዌስቲንግ ዲዚዝ የሚባል የአንጎል በሽታ አለ። መጀመሪያ የታወቀው በ1967 በኮሎራዶ ነው። በዚህ በሌንስቦሮ አካባቢ፣ በፊልሞር ካውንቲ፣ በ2016 ተገኝቷል። በሽታውን የሚያመጣው ነገር በምራቅና በሽንት ጭምር ይወጣል፤ አፈር ውስጥም ለዓመታት ይቆያል። በዚህ ስጋት ቨርጂኒያ ከ2015 ጀምሮ አዳኞች የተፈጥሮ የአጋዘን ሽንት ይዘው እንዳይወጡ ከልክላለች። ሌሎችም ተመሳሳይ ደንብ አላቸው። ስለዚህ ጠርሙሱን ከመግዛታችሁ በፊት የምትኖሩበትን ክፍለ ግዛት ደንብ አንብቡ። እኔን ብትጠይቁኝ ባትገዙት ይሻላል።

ታዲያ ምን ቀረ? የቀረው ነፋሱ ነው። ለዚህ ነው ቦታውን ማየት የሚያስፈልገው።

በኦክቶበር አጋማሽ፣ አደኑ ሳይከፈት፣ ከልጁና ከጎረቤታችን ጋር ወደ እርሻው ሄድን። ሽማግሌው ከመንገድ ዳር አንድ የደረቀ ተክል ቀነጠሱ። በበጋ ግንዱ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣል። የሞናርክ ቢራቢሮ ትሎች የሚመገቡት እሱን ነው፤ ሞናርክ ደግሞ የሚኒሶታ ምልክት የሆነ ቢራቢሮ ነው። የተክሉን ፍሬ ሲከፍቱት በውስጡ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ሐር ሞልቷል። አንዲት ፈትል ይዘው ለቀቋት።

ፈትሏ መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ ሄደች። ሠላሳ እርምጃ ያህል እንደራቀች ቆመች። ከዚያ ዞረችና ዳገቱን ተከትላ ወደ ላይ መውጣት ጀመረች።

«አየህ ልጄ» አሉት፤ «ፊትህ ላይ የሚሰማህ ነፋስና ጠረንህ የሚሄድበት መንገድ አንድ አይደለም።»

ምክንያቱን አስረዱን። ጠዋት ፀሐይ ኮረብታውን ስታሞቀው አየሩ ይሞቃል፤ የሞቀ አየር ደግሞ ዳገቱን ይዞ ይወጣል። ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ አየር ይከብድና እንደ ውኃ ወደ ሸለቆው ይፈስሳል። አጋዘኖቹ ይህን ያውቃሉ። ቀን የሚተኙት ብዙ ጊዜ ከኮረብታው አናት ትንሽ ዝቅ ብለው ነው። ነፋሱ ከጀርባቸው ከአናቱ በላይ የሚመጣውን ሽታ ያደርስላቸዋል፤ የሞቀው አየር ከሸለቆው የሚወጣውን ያመጣላቸዋል፤ ዓይናቸው ደግሞ ፊት ለፊት ያለውን ይጠብቃል። ከዚህ የተሻለ የጥበቃ ማማ ማን ሊሠራ ይችላል?

ይህን ስሰማ አባቴን አሰብኩ። አባቴ ገበሬ ነበር። ጤፍ ከተወቃ በኋላ እህሉን ከገለባው በነፋስ መለየት አለ፤ ይህ «ማዝራት» ይባላል። አውድማው ላይ ቆሞ ላይዳውን፣ ማለትም የእንጨት አካፋውን፣ ከማንሳቱ በፊት አንድ እፍኝ ገለባ ወደ ላይ ይለቅና የት እንደሚወድቅ ያያል። ነፋሱ ካልተመቸው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። በተሳሳተ ነፋስ ያዘራ ሰው ገለባውን ከዓይኑ፣ ጤፉን ከአውድማው ውጭ ያገኘዋል። ይህን ለእህቴ ልጅ ነገርኩት። አያቱን በፎቶ ብቻ ነው የሚያውቃቸው። «ስለዚህ አያቴም ይሄን ያውቁ ነበር» አለ። አዎ፣ ያውቁ ነበር።

ከዚያ ልጁ ሽማግሌውን የልቡን ጠየቃቸው፤ የእናቱ ወጥ ሽታ አጋዘን ያባርራል ወይ?

ሽማግሌው አልሳቁም። ቀስ ብለው መለሱለት። «እኔ ቤት ቤከን ይጠበሳል፤ ሲጋራም ለሠላሳ ዓመት አጭሻለሁ። በክረምት በእንጨት እሳት ነው የምንሞቀው። እናንተ ቤት ሽንኩርት ይቁላላል። አጋዘኑ የኔን ከናንተ አስበልጦ አይወድም፤ ሁለቱም ለእሱ ሰው ነው። ነፋሱ ወደ እሱ ከወሰደን ሁለታችንም አበቃልን። ካልወሰደን ሁለታችንም የለንም።»

ቀጥለው አንድ የሥራ ምክር ሰጡት። የአደን ልብሱን ሽታ በሌለው ሳሙና አጥቦ፣ ውጭ አድርቆ፣ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጥ፤ ሣጥኑ ጋራዥ ይቀመጥ፤ ልብሱን የሚለብሰው ጫካው ዳር ሲደርስ ይሁን። «የእናትህን ምድጃ ግን ተወው» አሉት። ሲመለስ ይህን ለእናቱ ራሱ ነገራት። እህቴ በኖቬምበር የመጀመሪያ ሳምንት እንደ ወትሮዋ ቁሌቷን ሠራች፤ ቡናዋንም ቆላች።

አሁን ስለ ገንዘቡ። ልጁ ከዝርዝሩ አብዛኛውን ሰረዘ። የገዛው ሽታ የሌለው የገላና የልብስ ሳሙና፣ ክዳን ያለው ሣጥንና ያገለገለ የጎማ ቦት ጫማ ነው፤ ጎማ ከቆዳ ጫማ ያነሰ ሽታ መሬት ላይ ይተዋል። የነጩ ተክል ሐር በነፃ ነው። ትልቁን ወጪ ያወጣው ለአጋዘኑ ሳይሆን ለራሱ ነበር፤ ዛፍ ላይ ሲወጣና ሲቀመጥ የሚያስረው የደኅንነት ቀበቶ ገዛ። በአጋዘን አደን ሰዎችን በብዛት ከሚጎዱት ነገሮች አንዱ ከዛፍ መውደቅ ነው። ከ700 ዶላሩ ከግማሽ በላይ ተረፈው።

በተከፈተበት ቅዳሜ ጠዋት ነፋሱ ከሸለቆው ወደ ፊቱ ይነፍስ ነበር። ሁለት ሴት አጋዘኖች ከአንድ ግልገል ጋር በአርባ እርምጃ ርቀት አለፉ። ከፊታቸው ቁጥቋጦ ስለነበረ አልተኮሰም። እነሱም መኖሩን ሳያውቁ ሄዱ። ማታ በዚያው ዛፍ ላይ፣ በዚያው ልብስ ተቀመጠ። ፀሐይ ከኮረብታው ጀርባ እንደገባች አየሩ ቀዘቀዘና ወደ ታች መፍሰስ ጀመረ። ከሸለቆው ሥር እግሩን መሬት የሚመታ አጋዘን ተሰማው። ከዚያ በአፍንጫው በኃይል ተነፈሰ፤ አዳኞች የሚፈሩት ድምፅ ይህ ነው። ነጩን ጅራቱን አንስቶ ጠፋ። ጠዋትና ማታ ልጁ ያው፣ ሳሙናውም ያው ነበር። የተለወጠው አየሩ ብቻ ነው።

እሑድ ጠዋት ሽማግሌው በመረጡት ሌላ ዛፍ ላይ አንዲት አጋዘን ጣለ። ለበሽታው ምርመራ ናሙና ሰጡ፤ ውጤቱም ደህና ሆኖ መጣ። በሽታው ባለበት አካባቢ የምታድኑ ከሆነ ውጤቱ ሳይመጣ ሥጋውን አትብሉ። የተገደለ የዱር እንስሳ ሥጋ በቤታችሁ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ደግሞ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ፤ ከቤት ቤት ይለያያል። እህቴ ግን በሽንኩርትና በሮዝመሪ ጠበሰችው። የነቢያት ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነበርና ከጎረቤቶቻችን ጋር በጊዜ በላነው።

እንግዲህ ለጥያቄው መልሴ ይህ ነው። ጠረን መቆጣጠሪያ ዕቃዎች ጠረናችሁን ጥቂት ይቀንሱ ይሆናል፤ ሊያጠፉት ግን አይችሉም። በቀስት የሚያድን ሰው አጋዘኑ ሃያና ሠላሳ ሜትር ድረስ እንዲቀርበው ስለሚፈልግ ለንጽሕና ይበልጥ ቢጠነቀቅ አይገርምም። በጠመንጃ ከሩቅ ለሚያድን ግን ውድ ልብስና ማሽን ለገንዘቡ የሚመጥን አይመስለኝም። ሳሙና ግዙ፤ የሚዘጋ ሣጥን ግዙ፤ የደኅንነት ቀበቶ ግዙ። የቀረውን ገንዘብ ለመንገድ አድርጉትና አደኑ ሳይከፈት ቦታውን ሁለት ሦስት ጊዜ ሄዳችሁ እዩት፤ ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ። አንዲት ነጭ ፈትል ልቀቁና የት እንደምትሄድ ተከተሏት። ነፋሱ ካልተመቻችሁ ሌላ ዛፍ ምረጡ፤ ወይም ያን ቀን ቤታችሁ ቡና ጠጡ።

ጃኬቱ ከጋራዥ ወጥቶ ወደ ቁም ሣጥኑ ይመለስ አይመለስ የልጁ ውሳኔ ነው። እናቱም አልጠየቀችውም። የአደን ልብሱ ግን ሣጥኑ ውስጥ፣ ክዳኑ ተዘግቶ፣ የሚመጣውን ጥቅምት ይጠብቃል።